ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዋስትናና ጎንደር የሚደርሰው ዋስትና

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ ባለችው የጥገና ክፍሌ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም ውስጥ ያለው ጂፎርስ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብረው ክፍል፣ ነው፤ ሁለቱም ባለ 12 ጊጋባይት ናቸው። አንዱ ሁለት ማራገቢያ ያለው ተራ ሞዴል ነው። ሌላው ሦስት ማራገቢያና ወፍራም የብረት ጀርባ ያለው ሲሆን፣ ሳጥኑ ላይ «ኦሲ» የሚሉ ሁለት ትልልቅ ፊደላት ታትመውበታል። ይዟቸው የመጣው አዘዞ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ወጣት ነው። ሁለቱንም ለሙከራ ተቀብሎ አንዱን ሊመልስ ከሻጮቹ ጋር ተስማምቷል።

«ጋሼ፣ የቱ ይሻለኛል?» አለኝ።

«ቢበላሽ ለማን ትመልሰዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ዝም አለ። ፍጥነታቸውን፣ የመብራታቸውን ቀለም፣ በሰከንድ የሚሰጡትን የምስል ብዛት ሳይቀር ሲያነጻጽር ከርሟል፤ ዋስትናቸውን ግን አንድ ቀንም አላነጻጸረም። በዚህ አልወቅሰውም፤ ስለ ግራፊክስ ካርድ የሚነገረው ንጽጽር ሁሉ ማለት ይቻላል የፍጥነት ንጽጽር ነው። ነገር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ካርድ ሲቃጠል አብሮት የሚቃጠለው የብር መጠን የብዙ ሰው የወራት ገቢ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሁለቱን ዓይነት ካርዶች የማነጻጽረው በዋናነት በዋስትናቸውና ወደ ተሻለ ሞዴል ለመሸጋገር በሚሰጡት ዕድል ነው።

ኦሲ የሚባለው ነገር ምን ያህል ነው?

ቺፑን በዋናነት የሚነድፉት ኤንቪዲያና ኤኤምዲ ናቸው። ገበያ ላይ የምናየውን ካርድ በአብዛኛው የሚሠሩት ግን እንደ አሱስ፣ ኤምኤስአይ፣ ጊጋባይት፣ ዞታክ፣ ፓሊትና ሳፋየር ያሉ ኩባንያዎች ናቸው። እነዚህ ኩባንያዎች አንድ ቺፕ ወስደው አንዱን ሞዴል ቺፑን የነደፈው ድርጅት ባስቀመጠው ፍጥነት ያወጡታል፤ ሌላውን ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ የተሻለ ማቀዝቀዣ ጨምረው፣ ዋጋውንም አስወድደው ያቀርቡታል። ከፋብሪካው ኦቨርክሎክ (በአጭሩ ኦሲ) ተደርጎ የወጣ ካርድ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ለአርቲኤክስ 3060 ኤንቪዲያ ያስቀመጠው ከፍተኛ ፍጥነት 1,777 ሜጋኸርዝ ነው። የኤምኤስአይ «ጌሚንግ ኤክስ» ሞዴል በ1,837 ሜጋኸርዝ ይወጣል። የተጨመረው 60 ሜጋኸርዝ፣ ከመቶ 3.4 ያህል መሆኑ ነው። አንድ ሰዓት የሚወስድ የቪዲዮ ማውጣት ሥራ ሙሉ በሙሉ በካርዱ ላይ ቢወድቅ እንኳ የሚተርፈው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ቡና እስኪፈላ የሚጠብቅ ሰው ልዩነቱን አያስተውለውም። በአንጻሩ የቺፕ የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ለዚህ ነው የመጨረሻዋ ጥቂት የፍጥነት ጭማሪ ከሁሉም የበለጠ ኤሌክትሪክ የምትበላውና ከሁሉም የበለጠ ሙቀት የምታመጣው።

ታዲያ ኦሲ ካርድ ለምን ይገዛል? ለእኔ መልሱ ማቀዝቀዣው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም በብረቱ መካከል የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ስለሚያንስ፣ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ አለ። ሰፊ ብረትና ሦስት ማራገቢያ ያለው ካርድ በእኛ ከተማ ትርጉም ያለው ብልጫ አለው፤ ብልጫው ግን «ኦሲ» በሚለው ጽሑፍ አይለካም። ተመሳሳይ ትልቅ ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው፣ ፍጥነታቸው ያልጨመረ ሞዴሎችም አሉ፤ ዋጋቸው ዝቅ ካለ ያለማመንታት እነሱን እመርጣለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ ከቢሮ ወጥተው የሚሸጡ ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ኮምፒውተሮችን ለሚጠቀሙ ወገኖች። ጂቲኤክስ 1650 ከዋናው ሰሌዳ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ እንዲሠራ የተነደፈ ካርድ በመሆኑ ለእነዚህ ማሽኖች ይስማማል። ብዙዎቹ ኦሲ ሞዴሎቹ ግን ተጨማሪ ባለ ስድስት ቀዳዳ የኃይል ገመድ ይጠይቃሉ፤ የእነዚያ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሳጥን) ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህ ገመድ የለውም። ሰው ካርዱን ገዝቶ ከመጣ በኋላ ገመድ በመቀጣጠል ሊያሠራው ሲሞክር አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ካርድ ሲቃጠል ዋስትና ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

ዋስትናው ኦቨርክሎክን እንዴት ያየዋል?

ብዙ ሰው የሚፈራው «ፍጥነቱ የተጨመረ ካርድ ዋስትና የለውም» የሚለውን ነው። ይህ ትክክል አይደለም። ፍጥነቱን የጨመረው ራሱ አምራቹ ከሆነ፣ ካርዱ በዚያ ፍጥነት እንዲሠራ የተሸጠ ስለሆነ፣ ዋስትናው ከተራው ሞዴል ጋር እኩል ይሠራል። አንዳንድ ካርዶች ላይ ያለውን ትንሽ መቀየሪያ ከ«ኦሲ» ወደ «ጸጥታ» ወይም ከጸጥታ ወደ ኦሲ ማዞርም ዋስትናን አይነካም፤ ሁለቱንም አማራጭ ያስቀመጠው ፋብሪካው ነው።

ነገሩ የሚለወጠው ገዢው በራሱ እጅ ሲጨምርበት ነው። በአብዛኞቹ የዋስትና ውሎች ውስጥ ተጠቃሚው በራሱ ባደረገው ኦቨርክሎክ የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም። የሌላ ሞዴል ባዮስ (የካርዱን አሠራር የሚመራ ውስጣዊ ፕሮግራም) አምጥቶ መጫን ወይም ቮልቴጁን ለመጨመር ሰሌዳውን መበየድ ደግሞ ምልክት ትቶ ስለሚያልፍ ክርክር አያስነሣም፤ ዋስትናው እዚያው ያበቃል።

ኦሲ ካርድ ከተራው ይልቅ ለብልሽት የተጋለጠ ነው ወይ ለሚለው፣ ሁለት የታወቁ ታሪኮችን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢቪጂኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካወጣቸው የጂቲኤክስ 1070ና 1080 ኦሲ ሞዴሎች አንዳንዶቹ የኃይል ማከፋፈያ ክፍላቸው ከመጠን በላይ ይሞቅ ነበር። ኩባንያው የሙቀት ማስተላለፊያ ንጣፍ በነፃ ሰጠ፤ ማራገቢያውን ቀደም አድርጎ የሚያነሣ የባዮስ ማሻሻያም አወጣ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ደግሞ አንድ አዲስ የኮምፒውተር ጨዋታ በሙከራ ላይ ሳለ የዚሁ ኩባንያ አርቲኤክስ 3090 ካርዶች ጥቂቶቹ ሞቱ፤ ኩባንያው ምክንያቱ የብየዳ ጉድለት መሆኑን ገልጾ ካርዶቹን ተካ። በሁለቱም ጊዜ ገዢዎቹን ያዳናቸው ከካርዱ ጀርባ የቆመው ድርጅት ነው። ከፍ ባለ ኃይል የሚሠራ ካርድ የሚገዛ ሰው ከተራው ገዢ ይልቅ ዋስትናውን አጥብቆ መመርመር ያለበት ለዚህ ነው።

አምራቾቹ ጎን ለጎን

የአሜሪካን ገበያ መነሻ አድርጌ ላነጻጽር፤ ከዘመድ እጅ የሚመጡልን ካርዶች ብዙዎቹ የሚገዙት እዚያ ነውና። የአሱስና የኤምኤስአይ ካርዶች የተለመደው ዋስትና ሦስት ዓመት ነው። ኤንቪዲያ በራሱ ስም የሚሸጠው «ፋውንደርስ ኤዲሽን» የተባለው ካርድም ሦስት ዓመት አለው፤ ግን የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ገዢ ነው። ጊጋባይትም ሦስት ዓመት ይሰጣል፤ «አውረስ» በሚል ስም የሚወጡትን ከፍተኛ ሞዴሎች በተገዙ በ30 ቀን ውስጥ ላስመዘገበ ሰው አራተኛ ዓመት ይጨምራል። ዞታክ መነሻው ሁለት ዓመት ብቻ ሆኖ፣ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ለተመዘገበ ካርድ አምስት ዓመት ያደርሰዋል። ሳፋየር ከሰሜን አሜሪካ ውጪ ያለ ገዢን በመጀመሪያ ወደ ሸጠለት ሱቅ ይመራዋል።

ላይ ላዩን ሲታይ ዞታክ አሸናፊ ይመስላል። እውነትም በምዝገባ ቀኑ ለተመዘገበ ገዢ አምስት ዓመት ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ያን ካርድ አክስት ከዋሽንግተን ገዝታ፣ ሻንጣዋ ውስጥ አድርጋ፣ ለገና ስትመጣ ብታደርሰው፣ የምዝገባው ቀን አልፎ አምስቱ ዓመት ወደ ሁለት ወርዷል። ስለዚህ ዘመድ ሲገዛ በዚያው ዕለት እዚያው ሆኖ እንዲያስመዘግብ መንገር ያስፈልጋል። ለምዝገባው የሚያስፈልገው ካርዱ ላይ የተለጠፈው መለያ ቁጥርና የግዢው ደረሰኝ ነው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ሦስት ዓመት ይገዛል።

ከዓመቱ ብዛት በላይ የምመለከተው ሌላ ልዩነት አለ፤ ዋስትናው የሚቆጠረው ከየት ነው? ደረሰኝ ያለው ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለታል። ደረሰኝ የሌለው ሰው ዕድለኛ ከሆነ ካርዱ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለታል፤ ካልሆነም ጭራሽ አይስተናገድም። የተሠራበትን ቀን ከመለያ ቁጥሩ ማንበብ ይቻላል። በጊጋባይት ካርዶች ላይ «ኤስ ኤን» ከሚሉት ፊደላት ቀጥለው የሚመጡት አራት አኃዞች ዓመቱንና ሳምንቱን ይናገራሉ፤ 2145 ቢል በ2021 በ45ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። በኤምኤስአይ ከ«ቢ» ፊደል በኋላ ያሉት አራት አኃዞች ዓመትና ወር ናቸው። አሱስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምልክቶች ለዓመትና ለወር ይጠቀማል። ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ያገለገለ ካርድ ልገዛ ስል ስልኬን አውጥቼ በመጀመሪያ የማነሣው ይህንን ቁጥር ነው፤ የካርዱን እንጂ የሳጥኑን አይደለም፤ ሳጥንና ካርድ ሳይገናኙ የሚሸጡበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ፣ ከአሜሪካ፣ ወይስ ያገለገለ?

ለጎንደር ገዢ ከአምራቹ ስም ይልቅ ካርዱ የመጣበት መንገድ ይወስናል። የአብዛኞቹ አምራቾች ዋስትና በተገዛበት አገር ወይም አካባቢ የታጠረ ነው። ዱባይ የተገዛው ዱባይ፣ አሜሪካ የተገዛው አሜሪካ ይታያል።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ካርድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኅቴ ከአሜሪካ አንድ ኦሲ ካርድ ገዝታ ላከችልኝ። የአምራቹን ስም አላነሣም። ሳጥኑ ላይ ሦስት ዓመት ይላል። በአሥራ አራተኛው ወር፣ ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ ምስል መስጠት አቆመ። ጥር በጎንደር ምን ማለት እንደሆነ እንደ እኔ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ያውቃል፤ ጥምቀት ሲያልፍ ሠርጉ ይከተላል፣ የዓመቱ ገቢ ያለው እዚያች ወር ውስጥ ነው። ለኩባንያው ጻፍኩ። መልሱ በትሕትና የተጻፈ ነበር፦ ጥያቄውን የሚያቀርበው የመጀመሪያው ገዢ ነው፣ ደረሰኝ ያስፈልጋል፣ አገልግሎቱ የሚሰጠው በተገዛበት አገር ብቻ ነው። እኅቴ ደረሰኙን ከኢሜይሏ ፈልጋ አገኘችው። ከዚያ ካርዱን የሚወስድ ተጓዥ ጠበቅን፤ ተገኘ። ኩባንያው ምትክ ሰጠ። ከዚያ ደግሞ ምትኩን የሚያመጣ ተጓዥ ጠበቅን። ካርዱ እጄ የገባው ሰኔ ውስጥ፣ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው። ውሉን አላፈረሱም፤ የጻፉትን በሙሉ ፈጽመዋል። እኔ ግን ያን ጥር የተዋስኩት ማሽን ላይ ሌሊት ሌሊት እየሠራሁ አሳለፍኩት፤ ሦስት ሙሽሮችም ቪዲዮአቸውን በሰዓቱ አላገኙም።

ስለዚህ ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ደረሰኝ የሚቆርጥና ዋስትናውን በራሱ ስም የሚጽፍ የአዲስ አበባ ሱቅ። ዋስትናው ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ከጎንደር በአንድ ሌሊት አውቶቡስ ወይም በአንድ በረራ የሚደረስበት አንድ ዓመት፣ ውቅያኖስ ማዶ ካለ ሦስት ዓመት ለእኔ ይበልጥብኛል። ሁለተኛው በቅርብ ዘመድ እጅ ከአሜሪካ የሚመጣ፣ እዚያው የተመዘገበ፣ ደረሰኙ በኢሜይል የተቀመጠ ካርድ ነው። ዱባይ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት በጅምላ ተገዝቶ የሚመጣውን ካርድ ዋስትና እንደሌለው ቆጥሬ በዚያው ልክ ዋጋውን አስቀንሳለሁ።

ያገለገለው ለብቻው ወሬ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም የተባለው የክሪፕቶ (ዲጂታል) ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ስሌት መመረቱ (ማይኒንግ የሚባለው) ሲቆም፣ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ፈሰሱ። ከነሱ ውስጥ ጥሩ ሆነው የቀጠሉ አሉ። ማራገቢያቸው ያረጀ፣ የማህደረ ትውስታቸው ንጣፍ ዘይት የተፋ፣ ባዮሳቸው የተለወጠም አሉ። ባዮሱ የተለወጠ ኦሲ ካርድ ከፋብሪካ ከወጣበት ባሕርይ ስለተለየ፣ መለያ ቁጥሩ ገና ጊዜ ቢኖረውም አምራቹ ሊያስተናግደው አይገደድም።

አሥራ አምስቱ ቀን

አገር ውስጥ የተገዛ ዕቃ ሌላም ጥቅም አለው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል። ብዙ ገዢዎች ይህን መብት አያውቁትም፤ የሚያውቁትም ካርዱን ገዝተው ሳጥኑ ውስጥ ያቆዩታል፤ ኮምፒውተሩ እስኪሟላ እያሉ ቀኑ ያልፋል።

የእኔ ምክር ካርዱ ጎንደር በደረሰ ማግስት እንዲፈተሽ ነው። ከጥሩ ስታብላይዘር ጋር አገናኝቶ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት በሙሉ ጭነት ማሠራት፤ ሙቀቱን እየተከታተሉ፣ የማራገቢያውን ድምፅ እየሰሙ። ከዚያ የየዕለት ሥራን መሥራት፤ የቪዲዮ ባለሙያ ከሆኑ ረጅም የሠርግ ፋይል ያውጡበት። ኦሲ ካርድ ደካማ ቺፕ ይዞ ከወጣ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ምስል ይቆራረጣል፣ ፕሮግራሙ ድንገት ይዘጋል፣ ፍጥነቱን ወደ ተራው መጠን ዝቅ ሲያደርጉት ግን ችግሩ ይጠፋል። «ፍጥነቱን ቀንሰህ ተጠቀምበት» የሚል ሻጭ ካጋጠመ አይቀበሉት። የተከፈለበት ፍጥነት ካልሠራ ዕቃው ጉድለት አለበት።

ደረሰኙንም በዚያው ቀን ፎቶ ያንሡት። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣው ወረቀት በሙቀት የሚታተም በመሆኑ በወራት ውስጥ ደብዝዞ ነጭ ይሆናል። ሻጩ በእጁ የሞዴሉን ስምና መለያ ቁጥሩን ጽፎ ማኅተም የሚያደርግበት ሌላ ወረቀት ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው። «አንድ ግራፊክስ ካርድ» ብቻ የሚል ደረሰኝ ክርክር ሲመጣ ምንም አያግዝም።

ዋስትና የማይነካቸው የጎንደር አደጋዎች

የዋስትና ውሎች የኃይል መዋዠቅን፣ መብረቅን፣ ውኃንና መሰበርን አይሸፍኑም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ብዙ ጊዜ የሚገድለው ፓወር ሰፕላዩን ነው፤ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ግን ሲሞት ካርዱንም ይዞ ይሄዳል። ለአርቲኤክስ 3060 የሚመከረው ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ካርዱ ብቻውን 170 ዋት ይወስዳል፣ ኦሲ ሞዴሎቹ ከዚያም በላይ። ለኦሲው የሚከፈለውን ተጨማሪ ብር በስታብላይዘር ወይም በዩፒኤስ ላይ ማዋል ከየትኛውም ዋስትና የተሻለ ጥበቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

መሰበሩ ደግሞ በተለይ የኦሲ ካርዶች ችግር ነው። ትልልቅ ማቀዝቀዣቸው ከባድ ነው። ኮምፒውተሩ አዲስ አበባ ተገጣጥሞ፣ ካርዱ እንደተሰካ፣ የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጎንደር ሲደርስ፣ ሰሌዳው በመሰኪያው ጥግ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ ፀጉር የሚያህል ነው፤ አምራቹ ግን በአጉሊ መነጽር ያየዋል፣ «አካላዊ ጉዳት» ብሎም ይመልሰዋል። ካርዱን ነቅሎ በራሱ ሳጥን ውስጥ፣ በእጅ ተይዞ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ከተገጠመ በኋላም ከሥሩ የሚደግፈው ብረት ይኑረው።

ስለ ብሎኑ ተለጣፊም አንድ ቃል። ከማቀዝቀዣው ብሎኖች በአንዱ ላይ «ቢነሣ ዋስትናው ይሰረዛል» የሚል ትንሽ ተለጣፊ የተደረገባቸው ካርዶች አሉ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ለአሱስና ለሌሎች ኩባንያዎች፣ በ2024 ደግሞ ለአስሮክ፣ ለጊጋባይትና ለዞታክ በዚህ ዓይነት አሠራር ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1975 የአገሪቱ የዋስትና ሕግ ነው። ይህ የሚጠቅመው ግን በዚያ አገር ሕግ የተገዛ ካርድ ላለው ሰው ነው። እዚህ ያለ ሻጭ ተለጣፊው ተቀዶ ካየ ላይቀበል ይችላል። ስለዚህ የዋስትናው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ አቧራውን ብሎን ሳይፈቱ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ በአየር መንፊያ ማስወጣት ይበቃል።

ወደ ተሻለ ካርድ መሸጋገር

ኢቪጂኤ «ስቴፕ አፕ» የሚል ፖሊሲ ነበረው። ካርዱን አዲስ፣ ከታወቀ ሻጭ የገዛና ያስመዘገበ ሰው በ90 ቀን ውስጥ ከፍ ያለ ሞዴል ቢፈልግ፣ የከፈለው ገንዘብ ተይዞለት ልዩነቱን ብቻ ይጨምራል። አገልግሎቱ በተዘረዘሩ አገሮች ለሚኖሩ ሰዎች የተወሰነ ነበር፤ የመላኪያው ወጪም በገዢው ላይ ነው። ቢሆንም አዲስ የካርድ ትውልድ ሊወጣ ሲል ገዝቶ በሁለተኛው ወር ለሚቆጭ ሰው የዚህን ያህል የሚያሳርፍ ነገር ሌላ አምራች ዘንድ አላየሁም። በዚህ ላይ ዋስትናው መለያ ቁጥሩን ተከትሎ ወደ ሁለተኛው ባለቤት ይተላለፍ ነበር፤ ማቀዝቀዣን ፈትቶ ማጽዳትም አይከለከልም ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ድርጅቱ ከግራፊክስ ካርድ ሥራ መውጣቱን አስታወቀ። የሸጣቸውን ካርዶች ዋስትና እንደሚያከብር ቃል ገብቷል፤ አዲስ ካርድ ግን የለም፤ አዲስ ካርድ ከሌለ ደግሞ ወደ ላይ መሸጋገሪያው መንገድም ተዘጋ።

ከሱ በፊት ቢኤፍጂ የሚባል ድርጅት በኦሲ ካርዶቹ ላይ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ራሱ ተዘጋ። ኤክስኤፍኤክስም አንድ ሰሞን «ድርብ የዕድሜ ልክ» ብሎ ሁለተኛውን ባለቤት ጭምር ይሸፍን ነበር። የዓመት ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የድርጅቱን ዕድሜ የምጠይቀው እነዚህን ስለማስታውስ ነው።

አሁን በእኛ በኩል የሚሠራው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ከሻጩ ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ነው፦ «ይህን ካርድ በዚህ መለያ ቁጥር፣ ይህን ያህል ወር ውስጥ፣ ያለ ጉዳት ከመለስኩ፣ ከከፈልኩት ዋጋ ይህ ያህል እጅ ለሚቀጥለው ካርድ ይያዝልኛል» የሚል ውል። አዲስ አበባ ካሉ ሻጮች ጋር በዚህ መልክ ሁለት ጊዜ ተስማምቻለሁ፤ ሁለቱም ፈርመዋል፣ አንዱን ተጠቅሜበታለሁ። የሚከብደው መጠየቁ ብቻ ነው፤ እጁ ላይ ገንዘቡን የያዘ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ሲጠይቅ ሻጭ ብዙ አይከራከርም።

ሁለተኛው ካርዱን ራስን ችሎ መሸጥ ነው፤ እዚህ ላይ ተራውና ኦሲው ይለያያሉ። ኦሲው ሲሸጥ ከተራው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሲገዛ የተከፈለበትን ልዩነት ግን ሙሉውን አይመልስም፤ ምክንያቱም የሁለተኛ እጅ ገዢ የሚጠይቀው «3060 ነው?» ብሎ እንጂ ስንት ሜጋኸርዝ እንደሆነ አይደለም። ዋጋ የሚያስጠብቀው ያልተነካ ብሎን፣ የሚነበብ መለያ ቁጥር፣ ሳጥኑና ወደ ገዢው የሚተላለፍ ቀሪ ዋስትና ነው። ከ3060 ወደ አርቲኤክስ 4060 ለመሄድ ለሚያስቡ ደግሞ አንድ መልካም ነገር አለ፤ 4060 የሚወስደው 115 ዋት ብቻ ስለሆነ የነበረው ፓወር ሰፕላይ ይበቃል። ማህደረ ትውስታው ግን 8 ጊጋባይት ነው፤ በ12 ጊጋባይት ለለመደ የቪዲዮ ባለሙያ ይህ ማነስ ስለሚሰማው ለእሱ ሽግግሩን አልመክርም።

ወደ አዘዞው ወጣት ልመለስ። የኦሲውን ካርድ መለያ ቁጥር አብረን አነበብነው፤ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ ነው። ደረሰኝ የለውም፤ ከዱባይ በሰው እጅ የመጣ ነው። ሦስቱ ዓመት ካርዱ ከፕላስቲኩ ሳይወጣ አልቋል። ተራው ሞዴል የአዲስ አበባ ሱቅ ደረሰኝና በማኅተም የተረጋገጠ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው። ማቀዝቀዣው ከኦሲው ያንሳል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ሳንነካ ቮልቴጁን በመጠኑ ቀንሰን ለሁለት ሰዓት አሠራነው። ሙቀቱ አርኪ ነበር። ኦሲውን በማግስቱ መለሰ። በተረፈው ብር ፒያሳ ላይ ስታብላይዘር ገዛ። የተራውን ደረሰኝ በሁለታችንም ስልክ ፎቶ አነሣን፤ አሥራ አምስተኛው ቀን የሚውልበትን ዕለትም ግድግዳዬ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩት።